ሳይሰማ ያልፈረደው ንጉሥ



ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት እዚሁ ቦሳ አዲስ አንድ ልጅ ከሰው ማሳ ቡና ለቅሟል ተብሎ ተያዘ። ፖሊስ ጣቢያ ሳይደርስ ገበያው ፈርዶበት ነበር። እኔም ወሬውን ከዐስር ሶላት በኋላ ስሰማ እውነት ይሁን አይሁን ሳልጠይቅ ራሴን ነቅንቄ አለፍኩ። ማታ አባቱ ቤቴ ድረስ መጥተው ልጃቸውን ምን ሆንክ ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው እንኳ እንደሌለ ሲነግሩኝ አፈርኩ። ያን ሌሊት ትዝ ያለኝ የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ አስሐማ (ረ.ዐ) ነው። ሶሐቦችን ማስጠጋቱን ሁላችንም እንተርካለን። ችሎቱን ግን ብዙ አናነሳውም።

አስሐማ ራሱ ተበድሎ ያደገ ሰው ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደዘገበችው አባቱ ንጉሥ ነበር፤ ከእሱ ሌላም ልጅ አልነበረውም። አጎቱ ግን አሥራ ሁለት ወንዶች ልጆች ስለነበሩት መኳንንቱ አባቱን ገድለው አጎቱን አነገሡ። ልጁ ብልህ ሆኖ በአጎቱ ቤት ሲያድግ ገዳዮቹ የአባቱን ደም ይበቀለናል ብለው ፈሩ፤ አጎቱንም እንዲያጠፋው ጎተጎቱት። አጎቱ መግደሉን ባይቀበልም ከአገር እንዲወጣ ተስማማ። ገበያ ወስደው በ600 ዲርሃም ለአንድ ነጋዴ ሸጡት። በዚያው ቀን ማምሻውን አጎቱን መብረቅ መታው። ከልጆቹም መካከል ለመንግሥት የሚበቃ ሲጠፋ ሰዎቹ የሸጡትን ልጅ ከነጋዴው እጅ ነጥቀው መልሰው አነገሡት።

ነጋዴው ገንዘቡን ጠየቀ። ከለከሉት። አቤቱታውን ይዞ ንጉሡ ፊት ቀረበ። እስቲ አስቡት፤ ከሳሹ ዳኛውን በገንዘብ የገዛ ሰው ነው! አስሐማ የፈረደው በራሱ ሰዎች ላይ ነበር፦ ወይ የሰውየውን ገንዘብ ይመልሳሉ፣ ወይ ባሪያውን እጁን ይዞ ይሄዳል። ገንዘቡ ተመለሰ። የፍትሑ የመጀመሪያ ምልክት ይህ ነበር ይባላል።

በነቢይነት 5ኛው ዓመት፣ በ615 ገደማ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መከራ የበዛባቸውን ባልደረቦቻቸውን ማንም የማይበደልበት ንጉሥ ወዳለበት ወደ ሐበሻ እንዲሰደዱ መከሯቸው። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ላኩ። የመካ ቆዳ በሐበሻ የተወደደ ነበርና ስጦታቸው ቆዳ ነበር። መልእክተኞቹ ንጉሡን ከማግኘታቸው በፊት መኳንንቱን አንድ በአንድ እየዞሩ ስጦታ ሰጡ። የፈለጉት አንድ ነገር ነው፦ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር አሳልፎ እንዲሰጥ። ጉዳዩ ንጉሡ ዘንድ ሲቀርብ መኳንንቱ እንደተመከረው ደገፉ፤ የገዛ ወገኖቻቸው ያውቋቸዋልና ይሰጡ አሉ።

አስሐማ ተቆጣ። ሌላውን ሁሉ ትቶ አገሩን የመረጠን ሰው ጠርቶ ሳይጠይቅ እንደማይሰጥ ማለ። የተባለው እውነት ከሆነ ያስረክባል፣ ካልሆነ ይጠብቃቸዋል። ጳጳሳቱ መጻሕፍታቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ ስደተኞቹም ተጠሩ።

ለሁሉም የተናገረው ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ነው። በአንድ ዘገባ እንደተወራው አስቀድሞ ከሳሾቹ ሦስት ነገር እንዲጠየቁለት ለመነ፦ ከጌታቸው የጠፉ ባሪያዎች ናቸው ወይ? የሰው ደም አፍሰዋል ወይ? የሰው ገንዘብ ይዘው ጠፍተዋል ወይ? ዐምር ለሦስቱም የለም ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። የትኛውም ጎበዝ ጠበቃ ክርክሩን የሚጀምረው እንዲህ ይመስለኛል፤ ወንጀሉ የቱ ነው ብሎ። ከዚያ ጀዕፈር ከእስልምና በፊት የነበሩበትን አስረዳ፣ ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ አነበበ። ንጉሡ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ፣ ጳጳሳቱም አለቀሱ።

ዐምር ግን በማግስቱ ሌላ ክስ ይዞ መጣ፤ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ከባድ ነገር ይናገራሉ አለ። በክርስቲያን ንጉሥ ፊት ይህ ከፊተኛው የከፋ ነበር። አስሐማ ዛሬም ጠርቶ ጠየቃቸው። ጀዕፈር ሳይለሳለስ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ መሆኑን ተናገረ። ንጉሡ ከመሬት እንጨት አንስቶ ልዩነቱ ከዚያች እንጨት እንደማይበልጥ ገለጸ። መኳንንቱ አጉረመረሙ፤ እሱ ግን አልተመለሰም። ስደተኞቹን የሰደበ መቀጫ እንደሚከፍል አወጀ። ስጦታውንም መለሰ፤ አላህ መንግሥቱን ሲመልስለት ጉቦ እንዳልተቀበለው፣ እሱም በዚያ መንግሥት ጉቦ እንደማይበላ ተናግሮ።

የልጁን አባት ያነጋገርኳቸው ይህን እያሰብኩ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 እና 20 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ቃል ያለመስጠት መብት እንዳለው፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። እስኪፈረድበትም እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። ጠበቃ ማቆም አቅቶት ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ያቆምለታል። ለለቀማ ከሌላ አካባቢ መጥቶ የችሎቱን ቋንቋ የማይችልም አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። ብዙዎቻችን ይህን ስለማናውቅ ያላነበብነው ወረቀት ላይ እንፈርማለን፣ ወይም ለማስፈቻ ጉቦ እናዋጣለን። የልጁ ጉዳይ ገና ፍርድ ቤት ነው፤ ይስረቅ አይስረቅ እኔ አላውቅም። በዋስ ወጥቷል፣ ጁሙዓም እየመጣ ይሰግዳል። አንዳንዶች አሁንም አጠገቡ መቆም ይከብዳቸዋል።

ነጃሺ ለፍርዱ ዋጋ ከፍሏል። ሃይማኖታችንን ተውክ ብለው ተነሱበት። ከመውጣቱ በፊት ለጀዕፈርና ለጓደኞቹ መርከቦች አዘጋጅቶ፣ እሱ ከተሸነፈ እንዲሄዱ፣ ካሸነፈ እንዲቆዩ ነገራቸው። አመፁ በረደ። ጀዕፈር በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ በኸይበር ድል ሰሞን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ደረሰ፤ አስሐማ ግን መዲናን ሳያይ በ9ኛው ዓመት ሞተ። መቃብሩ ትግራይ ውስጥ፣ ውቅሮ አጠገብ ነጋሽ እንደሆነ ይታመናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሞተበት ቀን መሞቱን ለሶሐቦች ነገሯቸው፤ ወደ መስገጃው ወጡ፣ አሰለፏቸው፣ በአራት ተክቢራም በሩቅ ላለው ወንድማቸው ሰላተል ጃናዛ ሰገዱ።