የቆመው ማሽን እንዲመዘገብ ያደረጉት መሐንዲስ ሄንሪ ጋንት

በየመሥሪያ ቤቱ በሚዘጋጁ የሥራ ዕቅዶች ላይ ተግባራትን ከጊዜ ሰሌዳ ጋር በአግድም መስመር የሚያሳየው ሠንጠረዥ በብዙዎች ዘንድ የጋንት ቻርት በመባል ይታወቃል። ስያሜው የተወሰደው ከአሜሪካዊው መካኒካል መሐንዲስ ሄንሪ ሎሬንስ ጋንት ነው። ይሁንና ጋንት በሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመታት የደከሙት ወደፊት የሚሠራውን ለመተለም ብቻ አልነበረም። በፋብሪካ ውስጥ ያለ ሥራ የቆመ ማሽን ስንት ሰዓት እንደቆመና ለምን እንደቆመ በየዕለቱ ተመዝግቦ ለኃላፊው እንዲቀርብ ማድረግም ዋነኛ ሥራቸው ነበር።

ጋንት እ.ኤ.አ. በ1861 በሜሪላንድ ግዛት በካልቨርት አውራጃ ተወለዱ። ቤተሰባቸው በባሪያዎች ጉልበት የሚለማ ሰፊ እርሻ ነበረው። በተወለዱበት ዓመት የተቀሰቀሰው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነት ተወግዶ ሲያበቃ፣ ቤተሰቡ ሀብቱን አጥቶ ለችግር ተዳረገ። ልጁም ለድሃ ልጆች በተቋቋመው የማክዶኖ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1880 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው በቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ካስተማሩ በኋላ፣ በ1884 ከስቲቨንስ የቴክኖሎጂ ተቋም በመካኒካል ምህንድስና ተመረቁ።

እ.ኤ.አ. በ1887 በፊላደልፊያ በሚገኘው የሚድቬል ብረታ ብረት ፋብሪካ ተቀጠሩ። በዚያም የሥራን ጊዜ በሰዓት እየለካ መጠኑን የመወሰን ዘዴን ካስፋፉት ከፍሬድሪክ ቴይለር ጋር ተገናኙ። ኋላም በቤተልሔም ብረታ ብረት ኩባንያ አብረው ሠሩ። በቴይለር የክፍያ ሥርዓት የተመደበለትን መጠን ያላሟላ ሠራተኛ ዝቅተኛ ሒሳብ ይከፈለው ነበር። ጋንት እ.ኤ.አ. በ1901 ያቀረቡት ሥርዓት ግን ለሠራተኛው የቀን ደመወዙን አስቀድሞ ያረጋግጣል፤ የተመደበለትን ሲፈጽም ደግሞ ጉርሻ ይጨምርለታል። ሠራተኞቹ ግዳጃቸውን ሲወጡ ፎርማኑም ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል። በዚህም ፎርማኑ ከማዘዝ ይልቅ ወደ ማሠልጠን እንዲያዘነብል ታስቦ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት የፋብሪካ አስተዳደር ትኩረት በሠራተኛው እጅ ፍጥነት ላይ ያረፈ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራት በሰዓት መለካትን አጥብቀው ተቃወሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1911 በዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የተነሣው የሥራ ማቆም አድማም ከዚሁ የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ ጥሬ ዕቃ ያልደረሰለት ወይም ማሽኑ ተሰብሮ ጥገና የሚጠብቅ ሠራተኛ የቱንም ያህል ቢተጋ ምርቱ ሊጨምር አይችልም።

ጋንት እ.ኤ.አ. በ1915 በአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረቡት ጥናታዊ ጽሑፍ ጉዳዩን ከሒሳብ አያያዝ አንጻር አነሡት። በጊዜው የፋብሪካው ወጪ በሙሉ፣ የቆሙት ማሽኖች ወጪ ጭምር፣ በተመረተው ዕቃ ላይ ይደለደል ነበር። ለአብነት አሥር ማሽኖች ካሉት ፋብሪካ አምስቱ ቢቆሙ፣ የአምስቱ የቦታ፣ የእርጅናና የጥበቃ ወጪ የተቀሩት አምስት ማሽኖች ባመረቱት ዕቃ ላይ ይጫናል። በዚህም ትዕዛዝ በቀነሰ ቁጥር ዕቃው የተወደደ ይመስላል፤ ዋጋው ሲጨምር ደግሞ ገበያው ይበልጥ ይርቃል። ጋንት የተከራከሩት አንድ ምርት መሸከም የሚገባው እርሱን ለማምረት ያስፈለገውን ወጪ ብቻ እንደሆነ ነው። የቆመ ማሽን ወጪ በኪሳራነት ለብቻው ተለይቶ እንዲታይ አሳሰቡ።

ኪሳራው ተለይቶ እንዲታይ ምዝገባ ያስፈልጋል። ለዚህም የማሽን መከታተያ ሠንጠረዥ ሥራ ላይ ዋለ። በሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ የሥራ ቀን አንድ ዓምድ ይሰጣል። የዓምዱ ስፋት የቀኑን የሥራ ሰዓት ይወክላል። ማሽኑ በቀኑ የሠራበት ጊዜ በቀጭን መስመር ሲሰመር፣ የሳምንቱ ድምር በወፍራም መስመር ይታያል። መስመር ያልደረሰበት ባዶ ቦታ ማሽኑ የቆመበት ጊዜ ነው። ለባዶው ቦታ ምክንያቱ ይመዘገባል፤ የሠራተኛ እጥረት፣ የጥሬ ዕቃ እጥረት፣ የትዕዛዝ መጥፋት፣ ጥገና ወይም የዕቅድ ጉድለት።

የምክንያቱ መመዝገብ ተጠያቂውን ይለያል። የጥሬ ዕቃ እጥረት ግዥን፣ የትዕዛዝ መጥፋት ሽያጭን፣ የዕቅድ ጉድለት ራሱን አስተዳደሩን ይመለከታል። ከማሽኑ አጠገብ የቆመው ሠራተኛ ሊያስቀራቸው የሚችላቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። በመሆኑም ቀደም ሲል ወደ ታች ብቻ ያነጣጥር የነበረው ቁጥጥር ወደ ላይም መመልከት ጀመረ።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ጋንት ሙያቸውን ለመንግሥት አገልግሎት አዋሉ። በፍራንክፎርድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካና መርከቦችን በሚያስገነባው የመንግሥት ኮርፖሬሽን ውስጥ ሥራው ከዕቅዱ ጋር እየተነጻጸረ በሠንጠረዥ እንዲቀርብ አደረጉ። በዚህም ኃላፊዎች የዘገየውን ሥራ ከረጃጅም ሪፖርቶች ውስጥ ከመፈለግ ይልቅ በአንድ ገጽ መመልከት ቻሉ።

ጋንት እ.ኤ.አ. በ1919፣ የመጨረሻ መጽሐፋቸው በታተመበት ዓመት፣ በ58 ዓመታቸው አረፉ። የሥራ ባልደረባቸው ዋላስ ክላርክ በ1922 ስለ ሠንጠረዦቹ ያሳተሙት መጽሐፍ ዘዴውን በልዩ ልዩ አገሮች አስተዋወቀ። በ1929 ደግሞ በስማቸው የሚሰጥ ሜዳሊያ ተቋቋመ።

ዛሬ በዘመናዊ ፋብሪካዎች ማሽን የቆመበትን ደቂቃ ኮምፒውተር በራሱ ይመዘግባል። ምክንያቱን በትክክል መግለጽ ግን በአብዛኛው አሁንም የሰው ድርሻ ነው። የቆመበት ሰዓት ብቻ ተመዝግቦ ምክንያቱ ከታለፈ ኪሳራው ይታወቅ እንደሆነ እንጂ የሚያስቀረው ኃላፊ አይታወቅም። ጋንት ከመቶ ዓመት በፊት ከሰዓቱ ጎን ምክንያቱም እንዲጻፍ ያደረጉት ለዚህ ነበር።