አዝ-ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ)፦ የሰው ቤት አደራ ጠባቂ



ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ልጠይቅ አቦቦ ስሄድ አንድ የማውቀው ወፍጮ ቤት ተዘግቶ አገኘሁት። ባለቤቱ በ1977 ከወሎ በሰፈራ ከመጡት አባቶች አንዱ ነበሩ። እሳቸው ወደ አኼራ ሲሄዱ ልጆቻቸው በሒሳቡ ተጣሉ። ታላቅየው ገንዘቡን ይዟል፤ ታናናሾቹ ይጠረጥሩታል፤ እሱም መጠርጠሩ ያናድደዋል። ሞተሩ ምንም አልሆነም። የጠፋው ከውርሱ ምንም ሳይደርሰው ደብተሩን ገልጦ የሚያይ አንድ ሰው ነው። የዙበይርን (ረ.ዐ) ታሪክ እንደ አዲስ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። መድረሳ ሳለን ስለ ጀግንነቱ ብዙ ሰምተናል፤ ስለ አደራ ጠባቂነቱ ግን እምብዛም አልሰማንም።

ዙበይር የኸዲጃ (ረ.ዐ) የወንድም ልጅ ነው፤ በእናቱ በሶፊያ በኩል ደግሞ የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአክስት ልጅ። ገና በወጣትነቱ ሰለመ፤ በጀነት ከተበሰሩት አሥሩ አንዱ ነው። አገራችንንም ያውቃታል። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንደተረከችው፣ ሙሃጂሮቹ በነጃሺ ጥላ ሥር ሳሉ ንጉሡን የሚቀናቀን ሰው ተነሣ፤ ጦርነቱም ከአባይ ማዶ ሆነ። ወሬውን አይቶ የሚመጣ ሲፈለግ በዕድሜ ከሁሉም የሚያንሰው ዙበይር እኔ አለ። የተነፋ አቁማዳ ደረቱ ላይ አድርጎ እየዋኘ ተሻገረ፤ ተመልሶም የነጃሺን ድል አበሰረ። አልዌሮ ዳር ላደግን ልጆች ይህ ክፍል ልዩ ነው።

አስማ ቢንት አቢ በክርን (ረ.ዐ) ሲያገባ ከፈረሱና ውሃ ከሚያጓጉዝበት ግመል በቀር ይህ ነው የሚባል ንብረት አልነበረውም። በኋላ ግን ሀብቱ በዛ። ሹመት ወይም ግብር ሰብሳቢነት ግን ይዞ አያውቅም። ሰዎችም ልጆቻቸውንና ንብረታቸውን በወሲያ ለእሱ መተው ጀመሩ። ዑስማን፣ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ፣ ኢብኑ መስዑድና ሚቅዳድ (ረ.ዐ) ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። አንዳቸውም የእሱ የበኒ አሰድ ጎሳ ሰው አልነበሩም። ሙጢዕ ኢብኑል አስወድ ሲጠይቀው እንዲያውም ከጎሳህ ሰው አለልህ ብሎ እምቢ አለ። ሙጢዕ ግን ዑመር (ረ.ዐ) አደራ የምተው ብሆን ለዙበይር በተውኩ ማለታቸውን ሰምቶ ስለነበር አልለቀቀውም። ዑመርና ሙጢዕ የአንድ ጎሳ ልጆች ናቸው፤ ሆኖም ሁለቱም ያዩት ከጎሳው ውጭ ነው። ዙበይርም ከተቀበለ በኋላ የየቲሞቹን ገንዘብ እንዳለ ጠብቆ ወጪያቸውን ከራሱ ኪስ ይሸፍን ነበር።

ዛሬ በንግድ ሕግ ቋንቋ ገለልተኛ የቦርድ አባል የሚባለው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ከቤተሰቡ ያልሆነ፣ ከትርፉ የማይካፈል፣ ስለዚህም ለታላቅ ወንድም አይሆንም ማለት የማይፈራ ሰው ማለት ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕጋችን የአክሲዮን ማኅበር ዳይሬክተር ራሱ ባለ አክሲዮን እንዲሆን ያስገድድ ነበር፤ በ2013 የወጣው ግን ለውጭ ሰው በሩን ከፍቷል። ለእኛ ለምህንድስና ተማሪዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። ኮንትራክተሩ ግድቡን ይሠራል፤ ሥራውን ፈትሾ የሚፈርመው ግን ኮንሰልታንቱ ነው። ኮንትራክተሩ ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ ማንም የራሱን ስህተት አጥርቶ ስለማያይ ነው።

ሌላም የሚገርም ልማድ ነበረው። ሰው ገንዘብ አስቀምጥልኝ ሲለው በአማና አይቀበልም፤ ብድር ይሁን ይላል። አማና ያለ ጠባቂው ጥፋት ቢጠፋ ጠባቂው አይከፍልም፤ ብድር ግን የግድ ይከፈላል። በገንዘቡ መሥራት ይችላል፣ ኪሳራው ግን የእሱ ነው። በዚህ ምክንያት ዕዳው 2,200,000 ድርሃም ደረሰ።

በ36ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በጀመል ቀን፣ ልጁን ዐብዱላህን ጠርቶ ዕዳውን እንዲከፍል አደራ አለው፤ ካቃተውም በመውላዬ ታገዝ አለው። ልጁ መውላህ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ አላህ መሆኑን ነገረው። ዙበይር ከውጊያው ወጥቶ ሲሄድ ዋዲ አስ-ሲባዕ ላይ በኢብኑ ጁርሙዝ እጅ ተገደለ።

ጥሬ ገንዘብ አልተወም፤ የተወው መሬትና ቤቶች ነበር። በ170,000 የገዛው አል-ጋባ የተባለው መሬት በ1,600,000 ተሸጠ። 400,000 የሚፈልግበት ዐብዱላህ ኢብኑ ጀዕፈር ከፈለጋችሁ ልተውላችሁ ቢል ልጁ አልተቀበለም። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም የዕዳውን መጠን ሲጠይቀው ግን በመጀመሪያ 100,000 ብቻ ነበር የነገረው። ልጅ የአባቱን ስም ሲጠብቅ እንዲህ ያደርጋል፤ አልፈርድበትም። ግን የውጭ ሰው ቢሆን ኖሮ ቁጥሩን እንዳለ ለመናገር የሚከብደው አይመስለኝም።

ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ ወንድሞቹ ድርሻችንን አካፍለን አሉት። ሕጋዊ ወራሾች ናቸው፣ ንብረቱም አለ። እሱ ግን እምቢ አለ። በአራት የሐጅ ወቅቶች ሰው በተሰበሰበበት እየቆመ፣ በዙበይር ላይ ዕዳ ያለው ይምጣና ይውሰድ እያለ አስጠራ። አራቱም ዓመታት ካለፉ በኋላ ወሲያውን አውጥቶ ቀሪውን ለወራሾቹ አካፈለ። ከአራቱ ሚስቶች ለእያንዳንዳቸው 1,200,000 ደረሳቸው።