ልዕልት ፀሐይ፦ ሕጻናትን ለመንከባከብ ሠልጥነው በእርግዝና ምክንያት ያረፉት ነርስ

የቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ እና የእቴጌ መነን ልጅ ልዕልት ፀሐይ በአውሮፓውያኑ 1919 ተወለዱ። ጣልያን ኢትዮጵያን በመውረሯ በ1936 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ብሪታኒያ ተሰደዱ። በስደት ሳሉ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕጻናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተማሩ። ምኞታቸው አገራቸው ተመልሰው የጤና አገልግሎትን ማስፋፋት ነበር።

ኢትዮጵያ ነጻ ስትወጣ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑትን አቢይ አበበን አግብተውም፣ ባለቤታቸው ወደሚያስተዳድሩት ወለጋ አቀኑ። ሆኖም ነሐሴ 1942 ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ የጤና ችግር ሕይወታቸው አለፈ። ገና 22 ዓመታቸው ነበር። በዚያ ዘመን እርግዝና ለባላገርም ለቤተ መንግሥትም እኩል አስፈሪ ነበር፤ የነርስነት ዕውቀታቸውም ሆነ ማዕረጋቸው አላዳናቸውም።

ሐዘኑ ግን ፍሬ አፍርቷል። ብሪታኒያዊቷ የመብት ታጋይ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በልዕልቲቱ ስም ለሚሠራ ሆስፒታል ገንዘብ በማሰባሰብ ግንባር ቀደም ሆኑ። ሆስፒታሉ በ1951 አዲስ አበባ ውስጥ ተከፈተ፤ ዘመን ሲለወጥም የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። የሰው ልጆችን ለመንከባከብ የሠለጠኑት ልዕልት የራሳቸውን ልጅ ለማሳደግ አልታደሉም፤ መታሰቢያቸው ግን ለሌሎች ሕሙማን መጠጊያ ሆነ።