የዘነበወርቁ ሐኪም

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በታክሲ የሚሄድ ሰው፣ ረዳቱ ዘነበወርቅ እያለ ሲጣራ ይሰማል። ይህ ስም ለኮልፌ ቀራንዮ ሕዝብ የሰፈር ስም ነው፤ ወራጅ አለ ከማለት በቀር ሌላ ሐሳብ አያስነሣም። ከእኛም ብዙዎቻችን በዚያ በር ስንት ጊዜ አልፈናል፤ ነገር ግን ልዕልት ዘነበወርቅ ማን እንደ ነበሩ፣ በስማቸው የተጠራውንም ሆስፒታል ማን እንዳቋቋመው ጠይቀን አናውቅም ነበር። ያቋቋሙት ዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚባሉ አሜሪካዊ ናቸው። እኒህ ሰው አሜሪካዊ ሆነው መጡ፤ ቆይተው ኢትዮጵያዊ ሆኑ፤ በመጨረሻ ግን ሁለቱንም ነኝ ለማለት አፋቸው የማይሞላ ሆነ። (ዓመቶቹን በኤውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ የሰውየው ኑሮ በብዙ አገር የተበተነ ስለሆነ ለማስተያየት ይመቻል።)

የተወለዱት በ1885 ነው። ሕክምና ተምረው እንደ ጨረሱ በ1907 ለፕሬስቢቴርያን ሚሲዮን ሥራ ወደ ሱዳን ተላኩ። ኋላም በሶባት ወንዝ ዳር፣ ከድንበራችን ብዙ በማይርቀው በናስር ተቀመጡ። በ1918 የኅዳር በሽታ በኢትዮጵያ ሕዝብ ሲረግፍ የወለጋው ገዥ ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ሐኪም ፈለጉ፤ ላምቢም በ1919 ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋራ በጋምቤላ በኩል ደጋውን ወጥተው ሳዮ ገቡ፤ ይኸውም ዛሬ ደምቢ ዶሎ የምንለው ነው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ መንገድ ላይ የራስ ናደውን ጆሮ አክመው ጥንዚዛ አወጡላቸው ይባላል። አንዲት ጥንዚዛ የቤተ መንግሥት በር ከፈተች ብንል ማጋነን ይሆንብናል፤ ሆኖም ሐኪሙ አዲስ አበባ ሲደርሱ በአልጋ ወራሽ በራስ ተፈሪ ዘንድ ስማቸው የታወቀ ሆነ።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ ከአሜሪካ በተገኘ የእርዳታ ገንዘብ ጉለሌ ላይ ሆስፒታል አሠሩ። እዚህ ላይ ቆም ብለን የዚያን ጊዜውን የፈረንጅ ኑሮ ብንመለከት መልካም ነው፤ ዛሬ የውጭ አገር ሰው ሲባል አውሮፕላንና አጥር ያለው ቪላ ነውና የሚታየን። የጂቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይገባል። መድኃኒቱ፣ የቀዶ ጥገናው መሣሪያ፣ የጣራው ቆርቆሮ በዚሁ ይመጣል። ከጣቢያው ወዲያ በቅሎና አህያ ነው፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው በቅሎውንም ያሸንፋል። የሠራተኛው ደመወዝ በጠገራ ብር ነው። አንዱ ጠገራ ወደ 28 ግራም ይመዝናልና፣ 1,000 ብር የሚከፍል ሰው 28 ኪሎ የሚመዝን ገንዘብ በጆንያ አስጭኖ፣ ዘበኛ አስከትሎ መሄድ አለበት። በሽተኛውም ወደ ፈረንጅ ሐኪም የሚመጣው ጠበሉም የአገሩ መድኃኒትም ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ ዘንድ የሚደርሰው በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የከረመ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ደጅ መጥናት ነበር። ላምቢ በ1927 ከጓደኞቻቸው ጋራ አዲስ ሚሲዮን አቋቁመው ከሱዳን የውስጥ አገር ሚሲዮን ጋራ ከተባበሩ በኋላ፣ ወደ ደቡብ ለመሄድ ፈቃድ ይፈልጉ ነበር። ካህናቱና ብዙዎቹ መኳንንት አዲስ ሃይማኖት ይገባብናል ብለው ይቃወማሉ። እንዲህ እያለ ነገሩ ከዛሬ ነገ ይባላል። እኛ አንዲት ወረቀት ለማስፈረም ከቢሮ ቢሮ የምንመላለስ ተማሪዎች ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። በ1928 ግን በበቅሎ ጉዞ ጀመሩ፤ በወላይታ፣ በሲዳማና በሆሳዕና ጣቢያዎች ተቋቋሙ። ያ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እንለፈው።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በሥጋ ደዌ የተያዘ ሰው በዚያ ዘመን ከቤቱ ወጥቶ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይወድቅ ነበር። ሕዝቡ ለእነዚህ ሰዎች ፍርሃትም አክብሮትም ነበረው፤ የንጉሥ ልጅ ሲሆን ደዌ ለምኖ፣ ማንም ሳያውቀው በአባቱ ደጅ የተኛውን የቅዱስ ገብረ ክርስቶስን ገድል ያልሰማ የለምና። ምጽዋቱ ይሰጣል፤ ሕክምና ግን የለም። ላምቢ ከአሜሪካ የሥጋ ደዌ ረጂ ማኅበር ገንዘብ አግኝተው ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ ያኔ ሜዳ በነበረው ቦታ ላይ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሆስፒታሉን አቋቋሙ። በወጣትነታቸው በሞቱት በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተሰየመ። በዚያን ጊዜ ለበሽታው የሚሰጠው ቻውልሙግራ ከሚባል የሕንድ አገር ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ነበር፤ በመርፌ ሲወጋ እጅግ ያማል፤ የሚያድነውም ጥቂቱን ነው። የሚሻለው መድኃኒት የመጣው ከ1940ዎቹ ወዲህ ነው። ላምቢ ለማዳን ከሚችሉት በላይ ለብዙ ሰው ማረፊያ ሠርተዋል ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ ግን መሬት ያስፈልጋል፤ የውጭ አገር ሰው ደግሞ የመሬት ባለቤት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ በ1934 የአሜሪካን ዜግነት ትተው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። ይህን ያደረጉት ለመሬቱ ነው ወይስ ለፍቅር ነው ብለን ብዙ ተከራክረናል። መሬቱ ዋናው ምክንያት እንደ ነበረ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን መሬቱን የፈለጉት ለራሳቸው ሀብት አይደለም።

ብዙ ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ። በሐምሌ 1935 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሲቋቋም ላምቢ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ኢጣልያኖች የመርዝ ጋዝ ይረጩ ጀመር፤ የቀይ መስቀል ድንኳንም አልማሩም፤ በታኅሣሥ 1935 መጨረሻ በዶሎ ግንባር የስዊድንን አምቡላንስ በቦምብ ደበደቡ። አሜሪካዊው ዶክተር ሮበርት ሆክማን ደጋሐቡር ላይ ያልፈነዳ ቦምብ ሲፈታ ፈንድቶበት ሞተ። ላምቢም ይህን ግፍ ለዓለም መሰከሩ። በግንቦት 1936 ጠላት አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ይከብዳል። ዶክተር ላምቢ የሚሲዮናቸውን ሥራ ከጥፋት ለማዳን ብለው ከኢጣልያ አገዛዝ ጋራ ለመስማማት ሞከሩ፤ ቀድሞ የመሰከሩትንም የሚሽር ቃል ሰጡ። ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አይታለፍም። የኢትዮጵያ ወታደር ገላው ተልጦ ጋዝ ነው ሲል ጄኔቭ አይሰማውም ነበር፤ የሚሰማው የነጭ ሐኪም ቃል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1936 በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለዚሁ ጋዝ ተናግረዋል፤ ከምስክሮቻቸው አንዱ ግን ወደ ኋላ አለ።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ፣ በሽተኞችና የሥራ ባልደረቦች በእጁ ያሉበት ሰው ምን ያድርግ ይላሉ። ደግሞስ ስንት የአገር ተወላጅ ለጠላት ገባ? የልዕልት ዘነበወርቅ ባል የነበሩት ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ እንኳ ጦርነቱ በተጀመረ በሳምንቱ ለኢጣልያ ገብተዋል። ይህ እውነት ነው። ለእኛ ለአብዛኞቹ ግን አልተዋጠልንም። በ1934 የኢትዮጵያን ስም ለመሬቱ የወሰደ፣ በ1936 ከስሙ ጋራ የመጣውንም መከራ መውሰድ ነበረበት እንላለን። ይህን ስንል ደግሞ ከእኛ አንዱም እንዲያ ባለ በር ላይ ቆሞ እንዳልተፈተነ አንረሳም።

ስምምነቱም አልጠቀመም። ኢጣልያኖች በ1937 ሚሲዮናውያኑን ከወላይታ አስወጡ። ተመልሰው ሲመጡ ከ100 በታች ትተውት የሄዱት ምእመን በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ያገኙት ያለ ፈረንጅ ረዳት ነው። ላምቢ ራሳቸው በ1939 ያሳተሙትን መጽሐፍ አገር የሌለው ሐኪም ብለው ሰየሙት፤ ርእሱ የመረጡት ብቻ ሳይሆን የደረሰባቸውም ነበር። ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያ ተመልሰው አልሠሩም። በፍልስጥኤም፣ በቤተ ልሔም አጠገብ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ማከሚያ አቋቁመው ሠሩ፤ በ1954 በኢየሩሳሌም አረፉ።

በዘነበወርቅ ሜዳ የሠሩት ሆስፒታል በ1965 አለርት የሚባለው የሥልጠና ማእከል ተመሠረተበት፤ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ሐኪሞች ሥጋ ደዌን ለማከም እየመጡ ተማሩበት። ድነው ወደ አገራቸው መመለስ ያቃታቸው ሰዎች በአጥሩ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ወለዱ፤ ልጆቻቸውም ወለዱ። ረዳቱ ዘነበወርቅ ብሎ ሲጣራ ከታክሲው የሚወርዱት ብዙዎቹ የእነርሱ የልጅ ልጆች ናቸው።