ተንቆ የነገሠው ቄሣር

ሰውን በመልኩና በአነጋገሩ መመዘን የቆየ የሰው ልጅ ልማድ ነው። በዚህ ሚዛን ቀለለ ከተባለ በኋላ ክብደቱን ለዓለም ካሳየው ሰው አንዱ የሮም ቄሣር ቀላውዴዎስ ነው። የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ በዘመኑ ታላቅ ረኃብ እንደ ሆነ፥ አይሁድም ከሮም እንዲወጡ እንዳዘዘ በዚያ ተጽፎአል። የሰውየው ጠባይና አገዛዝ ግን ከዚህ የበለጠ ሊታወቅ የሚገባው ነው።

ቀላውዴዎስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10 ዓመት፥ ዛሬ ሊዮን በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ ድሩሶስ ስመ ጥር የጦር አዛዥ ነበረ። ልጁ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሽታ ስለ ጎዳው እግሩ ያነክስ፥ አንደበቱ ይንተባተብ፥ ራሱም ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቱ አንቶንያ ታፍርበት ነበር፤ አያቱ ሊቪያም በደብዳቤና በመልእክተኛ እንጂ በቃል እምብዛም አታነጋግረውም ነበር። ቤተ ዘመዱ ሁሉ የአካሉን ድካም የአእምሮ ድካም አድርጎ ቆጠረው።

ሹመት የተከለከለው ልዑል ወደ መጻሕፍት ተጠጋ። በታላቁ የታሪክ ጸሐፊ በሊቪዮስ አበረታችነት ታሪክ መጻፍ ጀመረ፤ የጥንቱን የኤትሩስካውያንን ታሪክ በ20፥ የካርታጎን ታሪክ በ8 መጻሕፍት በግሪክ ቋንቋ ጻፈ። እነዚህ ሥራዎች ለእኛ ሳይደርሱ ጠፍተዋል። ጢባርዮስና ካሊጉላ የገዛ ዘመዶቻቸውን ሲያስገድሉ ቀላውዴዎስን የሚፈራው ስላልነበረ ንቀቱ ጋሻ ሆነለት።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 24 ቀን 41 ዓ.ም. ካሊጉላ በገዛ ዘበኞቹ ሹማምንት ተገደለ። ቀላውዴዎስ በድንጋጤ ከመጋረጃ ጀርባ ተሸሸገ። አንድ ወታደር እግሩን አይቶ ጎትቶ ሲያወጣው የሚገድለው መሰለው፤ ወታደሩ ግን ቄሣር ብሎ ሰገደለት። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ስለ ሪፑብሊክ ሲከራከር ዘበኞቹ አነገሡት፤ እርሱም ለያንዳንዳቸው 15,000 ሴስቴርስ ሊሰጥ ተስፋ ሰጠ። በገንዘብ የተገዛ ዙፋን ለኋለኞቹ ቄሣሮች ክፉ ምሳሌ ሆነ።

በ49 ዓመቱ የነገሠው ይህ ሰው እንደ ተጠበቀው ሰነፍ ሆኖ አልተገኘም። በ42 ዓ.ም. በጢቤር ወንዝ አፍ አጠገብ ታላቅ ወደብ ማሠራት ጀመረ፤ ምክንያቱም የሮም ሕዝብ የሚበላው እህል በመርከብ ከግብፅና ከሌላው አፍሪቃ ይመጣ ነበርና ነው። በ51 ዓ.ም. እህል ባጠረ ጊዜ ሕዝቡ በአደባባይ ከቦ የዳቦ ፍርፋሪ ወረወረበት። እርሱ ግን በክረምት ለሚጓዙ የእህል መርከቦች ማዕበል የሚያደርስባቸውን ኪሣራ መንግሥት እንዲከፍል ወሰነ። ካሊጉላ የጀመረውን 69 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን የውሃ መሥመር በ52 ዓ.ም. ፈጸመ፤ ቅስቶቹ እስከ ዛሬ ከሮም ውጭ ቆመው ይታያሉ። በ43 ዓ.ም. ጦር ልኮ ደቡብ ብሪታንያን ያዘ፤ ራሱ ግን በዚያ የቆየው 16 ቀን ብቻ ነው።

ጌቶቻቸው ታመሙ ብለው የጣሏቸው ባሮች ከዳኑ ነጻ እንዲሆኑ፥ የገደላቸውም በነፍሰ ገዳይነት እንዲጠየቅ አዘዘ። በ48 ዓ.ም. የጎል መኳንንት በምክር ቤቱ እንዲቀመጡ ሲጠየቅ ባላባቶቹ ተቃወሙ። ቀላውዴዎስ ግን የሮም ታላቅነት ባዕዳንን በመቀበል የተገኘ መሆኑን ከታሪክ እየጠቀሰ አስረዳ። ንግግሩ የተቀረጸበት ነሐስ በ1528 ዓ.ም. በሊዮን ተገኝቶ ዛሬም በዚያው ይጠበቃል። የናቁት ንባቡ የመንግሥት መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ አገዛዝ ትልቅ ነውር ነበረበት። ቀላውዴዎስ የመንግሥቱን ሥራ በክፍል በክፍል አድርጎ ነጻ ለወጡ ባሮቹ ሰጠ፤ ናርሲስ ደብዳቤውን፥ ፓላስ ገንዘቡን፥ ቃሊስጦስ አቤቱታውን ያዙ። ሰዎቹ ብልሆችና ትጉሆች ነበሩ። ነገር ግን ወደ ጌታው የሚገባውን ወሬ መራጮች እነርሱ ሆኑ፤ ሀብታቸውም ከመሳፍንቱ በለጠ። በዘመኑ ከ30 የማያንሱ የምክር ቤቱ አባሎች፥ አንዳንዶቹም በቂ ፍርድ ሳያገኙ ሞቱ።

በ48 ዓ.ም. ሚስቱ መሳሊና ከሌላ ሰው ጋር በግልጽ በተጋባች ጊዜ፥ የሞቷን ትእዛዝ በቄሣር ስም የሰጠው ናርሲስ ነበር። ቀላውዴዎስ በማዕድ ተቀምጦ መሞቷን ሲነግሩት በማን እጅ እንደ ሞተች እንኳ ሳይጠይቅ ግብዣውን ቀጠለ። በሚቀጥለው ዓመት የወንድሙን ልጅ አግሪፒናን አገባ፤ በእርስዋም ምክር ልጁን ብሪታኒኮስን ወደ ኋላ አድርጎ የእንጀራ ልጁን ነሮንን አስቀደመ። በጥቅምት 54 ዓ.ም. በ63 ዓመቱ ሞተ፤ አብዛኞቹ የጥንት ጸሐፊዎች አግሪፒና በመርዝ እንጉዳይ አስገደለችው ይላሉ። በማግሥቱ ዓመት ብሪታኒኮስም ሞተ፤ ሮም በነሮን እጅ ቀረች።

ከቀላውዴዎስ ሕይወት ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ አንደበቱ የተሳሰረ ሁሉ አእምሮው የታሰረ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው ለሥልጣን ላለ ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ መልካም ሕግ ማውጣት ብቻ አይበቃም። በስሙ የሚታዘዘውን የማይጠይቅ ሹም፥ መልካም ሥራው ሁሉ ከጎኑ ለቆመው ሰው ርስት ሆኖ ይቀራል።