ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ

እኛ የአምባሰልና የሐይቅ ልጆች ልዕልት ፀሐይን እንደ ባዕድ አናያቸውም፤ እናታቸው እቴጌ መነን የአምባሰሉ የጃንጥራር አስፋው ልጅ ነበሩና። ልዕልቲቱ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት ሀገራችንን በወረረ ጊዜ ከአባታቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ሀገር ተሰደዱ። እዚያም በሎንዶን በግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የነርስነትን ሙያ ተማሩ። የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ አልጋ ስታነጥፍ ማየት በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነበር፤ እኛንም ዛሬ ሲነገረን ይደንቀናል። በ1931 ዓ.ም. ከተመረቁ በኋላ በዚያ ሳይወሰኑ በጋይስ ሆስፒታል ተጨማሪ ትምህርት ጀመሩ።

ነፃነት ሲመለስ ወደ ሀገራቸው ገቡ። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ጄኔራል አቢይ አበበን አግብተው ወደ ወለጋ ሄዱ። አራት ወር ሳይሞላ ግን ነሐሴ 11 ቀን በነቀምቴ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። የሰው ሕፃናት ያስታመሙት ልዕልት የራሳቸውን ልጅ ሳያሳድጉ ቀሩ።

በእንግሊዝ ሀገር የነበሩ ወዳጆች፣ በተለይም ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት፣ ገንዘብ አሰባስበው በአዲስ አበባ በስማቸው የመታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ። በውስጡም የነርሶች ትምህርት ቤት ስለ ተከፈተ፣ ልዕልቲቱ በስደት የተማሩትን ሙያ የሀገራችን ልጃገረዶች ባሕር ሳይሻገሩ ለመማር ቻሉ። ሆስፒታሉ በኋላ ጦር ኃይሎች ተብሎ ስሙ ተለውጧል፤ በክፍላችን ካለነው ብዙዎቻችን የማን መታሰቢያ እንደ ነበረ አናውቅም ነበር።