የንጉሥ አርማሕ ሕይወትና ስደተኞችን መቀበሉ

የሰው ሃይማኖቱ የሚፈተነው ውለታ ሊመልስ የማይችል እንግዳ ከደጁ በቆመ ጊዜ ነው። በዚህ ፈተና ከተፈተኑት የኢትዮጵያ ነገሥታት አንዱ በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአክሱም የነገሠው አርማሕ ነው። የዐረብ ጸሐፍት አስሐማ ይሉታል፤ ነጃሺ ብለው የሚጠሩትም ነጋሢ ከሚለው ከግእዙ ቃል ወስደው ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የብላቴንነቱን ነገር በስምንተኛው መቶ ዓመት የነበረው የዐረብ ታሪክ ጸሐፊ ኢብን ኢስሐቅ ተርኮታል። አባቱ ንጉሥ ነበረ፤ ከእርሱም በቀር ልጅ አልነበረውም። አጎቱ ግን የ12 ወንዶች ልጆች አባት ነበረና መኳንንቱ የመንግሥቱ ዘር እንዳይቋረጥ ብለው አባቱን ገደሉና አጎቱን አነገሡ። ብላቴናው በአጎቱ ቤት አደገ፤ አስተዋይ ስለ ነበረም ተወደደ። የአባቱ ገዳዮች ግን አንድ ቀን ይበቀለናል ብለው ፈሩ፤ አጎቱንም አስገድደው ለአንድ ነጋዴ በ600 ድርሃም አሸጡት። በዚያው ቀን ማታ አጎቱ ዝናም ለመቀበል ቢወጣ መብረቅ መታውና ሞተ። ከልጆቹም ለመንግሥት የሚበቃ ስላልተገኘ መኳንንቱ ነጋዴውን ተከትለው ደረሱበትና ብላቴናውን መልሰው ዘውድ ጫኑለት። ነጋዴው ስለ ገንዘቡ በከሰሰ ጊዜ አዲሱ ንጉሥ ወይ ገንዘቡ ይመለስለት ወይ የገዛው ባሪያ ይሰጠው ብሎ ፈረደ፤ ገንዘቡም ተመለሰለት። የመጀመሪያ ፍርዱ ይህ ነበረ። ወንድሞቹ የሸጡትን ዮሴፍን በግብፅ ያከበረ አምላክ ይህንም ከባርነት ወደ አባቱ ዙፋን መለሰው።

አርማሕ የክርስቲያን ነገሥታት ልጅ ነበረ። በስሙ የተመታው የነሐስ ገንዘብ በአንድ ገጹ ንጉሡን በዙፋን ተቀምጦ፣ በሌላው ገጹ መስቀልን ያሳያል፤ ጽሕፈቱም ለአሕዛብ ደስታ እንዲሆን የሚመኝ ነው። ከእርሱ በፊት፣ በ525 ገደማ፣ ንጉሥ ካሌብ በናግራን ስለ ሃይማኖታቸው ለተገደሉት ክርስቲያኖች ባሕር ተሻግሮ ተዋግቶ ነበር። ለአርማሕ የደረሰው ተራ ግን ከዚህ የተለየ ነበረ፤ ወደ እርሱ የመጡት የተጨነቁ ሰዎች የሃይማኖቱ ልጆች አልነበሩምና።

በ615 የመሐመድ ተከታዮች የሆኑ 15 ያህል ሰዎች ከመካ ቁረይሾች መከራ ሸሽተው፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ኢትዮጵያ ገቡ። ኋላም በአቡ ጣሊብ ልጅ በጃዕፈር የሚመሩ ከ80 የሚበልጡ ወንዶች ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር መጡ። ቁረይሾችም የአል-ዓስን ልጅ ዐምርንና አንድ ባልንጀራውን የተመረጠ ቁርበት አስይዘው ላኩ። መልእክተኞቹ አስቀድመው ለየሹሙ እጅ መንሻ ሰጡ፤ ስደተኞቹ ቃላቸው ሳይሰማ ተላልፈው እንዲሰጡ ንጉሡን ይመክሩላቸው ዘንድ ለመኑ። ሹማምንቱም እንዲሁ መከሩ። ንጉሡ ግን ተቈጣ፤ ከሌላው ሁሉ እርሱን መርጠው የተጠጉትን ሰዎች ሳይሰማ አሳልፎ እንደማይሰጥ ማለ።

ጉባኤው በተደረገ ጊዜ ጳጳሳቱ መጻሕፍቶቻቸውን ገልጠው በንጉሡ ዙሪያ ተቀምጠው ነበር። ጃዕፈርም ስለ መከራቸው ተናገረ፤ ስለ እመቤታችንም የሚናገረውን የቁርኣን ክፍል በቃሉ አነበበ። ንጉሡና ጳጳሳቱ ሰምተው አለቀሱ። በማግሥቱ ዐምር ስለ ክርስቶስ የሚያምኑትን አንሥቶ እንደ ገና ከሰሳቸው፤ መኳንንቱም አጕረመረሙ። ንጉሡ ግን ጥበቃውን አላነሣባቸውም፤ እጅ መንሻውንም እንዲመልሱ አዘዘ። ለዚህም የሰጠው ምክንያት እግዚአብሔር መንግሥቱን ሲመልስለት መማለጃ አልተቀበለውምና እርሱም በሌላው ሰው ላይ መማለጃ አይቀበልም የሚል ነበረ። ዋጋ የተቈረጠበት ሰው በሌላው ላይ ዋጋ አልቈረጠም።

ይህ ቸርነት ግን ያለ መከራ አልቀረም። ከገዛ ሕዝቡ ወገን ሃይማኖትህን ለቀቅህ ብለው የሸፈቱበት ነበሩ። ወደ ጦርነት ከመሄዱ አስቀድሞ ለስደተኞቹ መርከብ አዘጋጀ፤ ድል ቢሆን እንዲሸሹ፣ ድል ቢያደርግ ግን እንዲቀመጡ አዘዛቸው። የራሱ ዘውድ በሚናወጥበት ሰዓት የእንግዶቹን መውጫ አሰበ ማለት ነው። ስደተኞቹም ስለ እርሱ ጸለዩ፤ ድሉም ለእርሱ ሆነ። የቀሩት በ628 በሁለት መርከቦች አሳፍሯቸው በሰላም ወደ ዐረብ አገር ተመለሱ።

አርማሕ በ630 ገደማ ዐረፈ። የእስልምና ጸሐፍት በኋላ ዘመኑ ሃይማኖታቸውን እንደ ተቀበለ፣ መሐመድም ሞቱን ሰምቶ በመዲና እንደ ጸለየለት ይጽፋሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ግን ከክርስቲያን ነገሥታት ይቈጥሩታል። ሆኖም ስደተኞቹን በተቀበለበት ቀን ጳጳሳቱን በዙሪያው ያስቀመጠ ክርስቲያን ንጉሥ እንደ ነበረ የሁለቱም ወገን ነገር ይስማማል። በትግራይ በውቅሮ አቅራቢያ በነጋሽ መቃብሩ እንደሚገኝ ይነገራል፤ በዚያ ያለው መስጊድ በ2020 በጦርነት ተጐድቷል።

የኢዮቤልዩ ዓመት በኦሪት ሕግ የተሸጠው ነጻ የሚወጣበት፣ ከርስቱ የወጣውም ወደ ርስቱ የሚመለስበት ዓመት ነው። ስለዚህ በኢዮቤልዩ በዓል ይህን ንጉሥ ማሰብ ይገባል፤ ተሽጦ ወደ ርስቱ ተመልሷልና፣ ርስታቸውን ትተው የመጡትንም አልሸጠምና። ዛሬም ከሱዳን፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማልያና ከኤርትራ የተሰደዱ ብዙ ሰዎች በኢትዮጵያ ይኖራሉ፤ የኢትዮጵያ ልጆችም በባዕድ አገር ደጅ ይጠናሉ። ጌታችን በሕፃንነቱ ከሄሮድስ ሸሽቶ በግብፅ እንግዳ እንደ ነበረ የሚያምን ምእመን ከደጁ የቆመውን ሰው ሃይማኖትህ ምንድር ነው ብሎ ከመጠየቁ በፊት ውሃና መቀመጫ ይስጠው፤ ቃሉንም ይስማው። ለዚህ የአባቶቻችንን ትሩፋት የሰጠ አምላክ ለእኛም ያድለን፤ አሜን።